ጧት ጧት ከሳንዲ ስፕሪንግስ

ሶስና ገብረሕይወት ያን ሰሞን ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ፊቷን ከመታጠቧ በፊት የምታየው ዳሽቦርዱን ነበር። የመኪና ዳሽቦርድ አይደለም። በአባቷ ሱቅ ዌብሳይት ላይ ማን እንደገባ፣ ከየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ የትኛውን ገጽ ከፍቶ ምን ያህል እንደቆየ የሚያሳይ ሰሌዳ ነው። ሱቁ አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ፣ ከቡፎርድ ሃይዌይ ገባ ብሎ ያለ የሙሽራ ልብስ ማከራያ ነው። ሌላ ነጋዴ እንዲህ ያለውን ሰሌዳ የሚከፍተው ስንት ደንበኛ እንደመጣለት ለማወቅ ነው። ሶስና ግን የምትከፍተው አንድ ሰው መጥቶ እንደሆነ ለማየት ነበር። ለንግዱ ነው ብላ ራሷን ልታታልል ብትሞክርም ልቧ አልታለል አላት።

ሰውየው ደግሞ አይቀርም። ፀሐይ ወጣ ስትል፣ ከሳንዲ ስፕሪንግስ፣ በስልክ ይገባል። የሚከፍተው አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ በወርቅ ክር የተጠለፈውን የጥቁር ከፋይ የመልስ ካባ። ካባውን ለብሳ ፎቶ የተነሣችው ራሷ ሶስና ናት፤ አባቷ ሞዴል መቅጠር ብክነት ነው ብለው ስለከለከሉ። ሰውየው ልክ አይመርጥም፣ የኪራይ ቀን አይጠይቅም፣ አይደውልም። ያያል፣ ይቆያል፣ ይወጣል።

ሰሌዳው ስም አይናገርም። ለሶስና ግን መናገርም አላስፈለገውም። ሳንዲ ስፕሪንግስ የሚኖር፣ ያን ፎቶ ደጋግሞ ያነሣ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። ስሙ ፊልጶስ ነው፤ ካነጋገራት ግን ወራት አልፈዋል። የማያነጋግራት ከሆነ ለምን ያያታል? የሚያያት ከሆነስ ለምን አያነጋግራትም? ይህን እያሰበች ጥርሷን ስትቦርሽ የጥርስ ሳሙናው ልብሷ ላይ ይፈስሳል።

*

ፊልጶስ ዲቪ ደርሶት ከመጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ቀን ቀን ፒችትሪ ኮርነርስ ካለ የዕቃ መጋዘን ይሠራል፤ ከዚያ ሲወጣ ለሐበሻ ሱቆች ዌብሳይት ይሠራል። የአቶ ገብረሕይወት ሱቅም የእሱ እጅ ሥራ ነው። ሲጨርስ ዳሽቦርዱን ሊያስተምራት አጠገቧ ተቀመጠ። ሰዎች ዌብሳይት ላይ አይናገሩም፣ የሚቆዩበትን ቦታ አይተሽ ነው የሚፈልጉትን የምታውቂው አላት። ስለ ፊልተሩ፣ ስለ ሴቲንጉ፣ ማን እንደሚቆጠርና ማን እንደማይቆጠር ብዙ አስረዳት። ሶስና እሺ፣ እሺ ትላለች። እውነቱን ለመናገር ከነገራት ግማሹን አልሰማችም፤ ሽፋሽፍቱን ነበር የምታየው። አንድ ጊዜ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዌብሳይት ያወሩት ሁሉ ሰበብ ብቻ ነበር።

ጣጣውን ያመጣው ኬክ ነው። ፊልጶስ ሊያገባት ሲቆርጥ ሽማግሌ መላክ ፈራ፤ የፈራበት ምክንያት ደግሞ ያስቃል። የሶስና አባት ከሱዳን የስደተኛ ካምፕ ተነሥተው አትላንታ የገቡት እሱ ሳይወለድ ነው። ቤት ገዝተዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል፣ ልጃቸው ሕልም እንኳ የምታየው በእንግሊዝኛ ነው። እንዲህ አሜሪካዊ በሆነ ቤተሰብ ደጃፍ ሽማግሌ ባቆም ይሥቁብኛል፣ ገና አልሠለጠነም ይሉኛል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ለሶስና እንኳ ሳይነግር አንድ እሑድ ብቻውን፣ ኬኩን አቅፎ መጣ። ሳሎን ቁጭ አለና ልጅዎን ይስጡኝ አላቸው።

አቶ ገብረሕይወት ደግሞ ከአገራቸው ይዘው የወጡትን ወግ አንድም ሳያጎድሉ እንዳስቀመጡት ነው። ለእሳቸው ብቻውን የመጣ ጠያቂ ወይ የሚልከው ሰው የለውም፣ ወይ እነሱን ከሰው አልቆጠራቸውም። ቃል ሳይተነፍሱ ተነሥተው ወጡ። ፊልጶስም ኬኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሥቶ ወጣ። መሀል የተቀመጠችው ሶስና የአባቷን ጀርባ አየች፣ የፊልጶስን ጀርባ አየች፣ አፏ ግን አልከፈት አላት።

በማግስቱ ፊልጶስ ደወለና ያን ሁሉ ስዋረድ ዝም አልሽ አላት። እሷም ደንግጣ ስለነበር ለምን ሳትነግረኝ መጣህ አለችው። አሳፈርኩሽ ማለት ነው አለና ዘጋው። ሶስና እስካሁን የሚቆጫት ያኔ መልሳ አለመደወሏ ነው። ኩራት ያዛት።

ቤቱም ተበላሸ። ድሮ ወደ ሱቅ ሲሄዱ በየቀይ መብራቱ የሚያወሩላት አባቷ ከዚያ እሑድ ወዲህ ሻይ አለ ወይ ከማለት በቀር ንግግር ተዉ። ጧት ተነሥተው ሆስፒታል ሌሊት የምትሠራውን እናቷን ወይዘሮ ወለተሥላሴን ሊያመጡ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ፣ ዝም። ሶስናም ዝም። ተኮራርፈው እንደሆነ እንኳ በቅጡ አይታወቅም ነበር።

ከዚያ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ልብስ የምታስተካክለው አበባ ወሬ ይዛ መጣች። ፊልጶስ በወሩ መጨረሻ ሥራውን ለቅቆ ጓደኛው ጋ ሲያትል ሊሄድ ነው። ሶስና የያዘችውን መስፊያ ክር እጠቀልላለሁ ብላ በሙሉ ፈታችው። ሊሄድ ነው። ጧት ጧት እየመጣ ፎቶዋን የሚያይ ሰው ሊሄድ ነው። ግራ መጋባቷ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

*

ደውላ ባያነሣስ? ቴክስት አድርጋ ባይመልስስ? ገጹ ላይ መጻፍ ግን ቢያንስ ለማንም አልጻፍኩም ለማለት ያመቻል። የካባው መግለጫ በእንግሊዝኛ ነው። ሶስና ከሥሩ፣ አባቷ በልጅነቷ ባስቆጠሯት ፊደል፣ በአማርኛ እንዲህ ብላ ጨመረች፦

«ያን ቀን ከሳሎን ተነሥተህ ስትወጣ ዝም ያልኩት ጠልቼህ አይደለም። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ነው። እስካሁንም እንደጠፋኝ ነው።»

በማግስቱ ሰውየው መጣ። ከወትሮው እጥፍ በላይ ቆየ። ሶስና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ደቂቃውን ቆጠረች። አንድ ሰው ሁለት መስመር ለማንበብ ይህን ያህል የሚቆየው ደጋግሞ ካነበበ ነው። ወይ ስልኩን ከፍቶ ረስቶት ነው። ወይ አልቅሶ ነው። ሰሌዳው ደቂቃውን እንጂ ምክንያቱን አያሳይም።

ስለዚህ ሌላ ጻፈች፦ «አሁንም ከተቆጣኸኝ ቀዩን ካባ ክፈት። ይቅር ካልከኝ ነጩን።»

ያን ጧት የሆነው ነገር ሊያሳብዳት ነበር። ሰውየው ቀዩን ከፈተ፤ ልቧ ወረደ። ከዚያ ነጩን ከፈተ፤ ልቧ ተመለሰ። ከዚያ እንደገና ቀዩን። ከዚያ ነጩን። ከዚያ ወደ እሷ ፎቶ ተመልሶ ረጅም ጊዜ ተቀመጠና ወጣ። ይህ ምን ይባላል? ይቀልድባት ይሆን? ወይስ እሱም እንደሷ ነው? ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ሐሳቧ ከእሷ ጋር አልነበረም። ልብስ ልትለካ የመጣችን ሙሽራ የሙሽራውን በርኖስ አልብሳ መስታወት ፊት አቆመቻት፤ ልጅቷም አሁን ፋሽኑ ይህ ነው ብላ አመነች።

ሐሙስ ዕለት ሁሉንም ነገር የሚቆርጠውን ጻፈች። «ቅዳሜ ጧት ሱቁ ሳይከፈት ብቻዬን እገኛለሁ። መጥተህ በልብህ ያለውን በአፍህ ንገረኝ። ካልመጣህ ሁለተኛ አልጽፍም።» ዓርብ ጧት ሰውየው አነበበና ነጩን ካባ ብቻ ከፈተ። ቀዩን አልነካም። ሶስና ብቻዋን ኩሽና ውስጥ ሣቀች፤ ደግሞ ወዲያው ዕንባዋ መጣ፣ የቱ እንደቀደመ አላወቀችውም።

*

ቅዳሜ የወይን ጠጅ ቀለም ሸሚዟን ለበሰች፤ እሱ የሚወደውን። ሱቁ ውስጥ ሙሽሮች ጫማ የሚለኩበትን ወንበር አንድ ጊዜ ወደ በሩ፣ አንድ ጊዜ ወደ መስታወቱ አዞረች። በሩ ተንኳኳ። ከፈተችው።

አባቷ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሱፋቸውን ለብሰዋል፣ ክራባት አስረዋል፣ ፂማቸውን ተላጭተዋል።

«አባዬ? ቁልፍ የለህም እንዴ?»

«አለኝ። የተጠራ ሰው ያንኳኳል ብዬ ነው።»

ሶስና ምንም አልገባትም። እማማ የት አለች ብላ ጠየቀች፤ ቤት አድርሰዋታል። ሱቁን ዛሬ እኔ እከፍታለሁ አላልኩም ወይ አለች፤ ብላለች። አቶ ገብረሕይወት ሙሽሮች የሚቀመጡበት ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁት።

«በአፍህ ንገረኝ አልሽ፤ መጣሁ። እዚያው እንዳልመልስልሽ ያ ነገርሽ መልስ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ስለዚህ እንዳልሽው ተጫንኩ።»

ሶስና የወንበሩን ጀርባ ያዘች። «ቀዩንም ነጩንም የተጫንከው አንተ ነህ?»

«ተቆጥቼ ነበር። ይቅርም ብዬሻለሁ። አንዱን ምረጥ ስትይኝ ግራ ገባኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እናትሽ ሺፍቷን እስክትጨርስ ጧት ጧት እዚያ ሳንዲ ስፕሪንግስ፣ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። ያ ሁሉ መኪና ሲገባ ሲወጣ እያየሁ ምን እሠራለሁ? ፎቶሽን እከፍታለሁ። ካባ ለብሰሽ ሳይሽ፣ አንድ ቀን መሄድሽ ነው እያልኩ ራሴን አለማምዳለሁ። ልጁ የመጣ ጊዜ ገና አልለመድኩም ነበር። ተነሥቼ የወጣሁት በሱ ብቻ ተናድጄ አይደለም።»

ሶስና የአባቷን ፊት አየች። ባደገችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። የተጠሩት እሳቸው እንዳልሆኑ ብትነግራቸው ይህ የተላጨ ፊት ምን እንደሚሆን አሰበች። ባትነግራቸው ደግሞ ፊልጶስን ለሁለተኛ ጊዜ በዝምታ መሸኘት ነው።

ሳትወስን የሱቁ በር ተከፈተ። ፊልጶስ ነው። ከስቷል። የመጋዘኑን ጃኬት ለብሶ ቆሟል፤ ዓይኑ ከሶስና ወደ ሱፉ፣ ከሱፉ ወደ ክራባቱ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሶስና ሄደ።

«ይቅርታ» አለ። «ልሄድ ስለሆነ የዌብሳይቱን ሙሉ አክሰስ ላስረክብሽ ነው የመጣሁት።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ውሸቴን ነው። ሰውየውን ላየው ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን ሰውዬ?» አለች ሶስና።

«የምትጽፊለትን። ዳሽቦርዱን እኔም እኮ ቼክ አደርጋለሁ። ከሳንዲ ስፕሪንግስ ጧት ጧት ይገባል፣ ትጽፊለታለሽ፣ እየተጫነ ይመልስልሻል። አጠገቤ የሚኖር ሰው። ሳነበው ለእኔ የጻፍሽው መስሎኝ ደስ ይለኝና፣ እሱ ሲመልስ ሳይ ለሱ ነው ለካ እላለሁ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ የምትገባው?»

«እኔ በየቀኑ እገባለሁ፤ ግን አልቆጠርም። የሠራው ሰው ገባ ወጣ ሲል ቁጥሩን ያበላሻል ብዬ የራሴንም ያንቺንም ስልክ ከቆጠራው አውጥቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ነግሬሽ ነበር።»

ሶስና የመጀመሪያውን ቀን አስታወሰች፤ የታወሳት ግን ሽፋሽፍቱ ብቻ ነበር።

አቶ ገብረሕይወት እየሰሙ ነበር። ቀስ በቀስ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ታየ። «ተነሥተህ ስትወጣ…» አሉ ለራሳቸው። «እሱም ተነሥቶ ወጥቶ ነበር ለካ።» ስልካቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ክራባታቸውን ነካ አደረጉ፣ ተነሡና ወደ በሩ አመሩ። ፊልጶስም እሳቸው እንዲያልፉ ብሎ ወደ ውጭ አፈገፈገ። ያው የዚያን እሑድ ነገር፤ ሁለት ጀርባና በመሀል እሷ።

«ማናችሁም አትወጡም» አለች ሶስና።

ድምፅዋ ለራሷም አዲስ ሆነባት። ሁለቱም ቆሙ።

«ያን ቀን ማለት የነበረብኝን አሁን ልበል። አባዬ፣ እወደዋለሁ። ሲያትል ከሄደ እኔ እዚህ ካባ እያከራየሁ የሰው ሠርግ ሳይ ነው የምኖረው። የጻፍኩት ለሱ ነው፤ አልዋሽህም።» ዕንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ግን አንተም ተነሥተህ ወጥተህ ነበር። አንተንም ዝም ብዬሃለሁ። አሁን ሳስበው የጻፍኩት ሁሉ ለሁለታችሁም ልክ ነው። የማንኛችሁ እንደሆነ እኔም አላውቅም።»

አቶ ገብረሕይወት ወደ ፊልጶስ ዞሩ።

«ለምን ብቻህን መጣህ?»

ፊልጶስ ተቅለሰለሰ። «ጋሼ፣ እናንተ አሜሪካኖች ስለሆናችሁ ሽማግሌ ብልክ ትሥቁብኛላችሁ ብዬ ነው።»

«እኛ?»

«አዎ።»

«እኔ፣ አሜሪካን?» አቶ ገብረሕይወት ሱፋቸውን ቁልቁል አዩት፣ ጫማቸውን አዩት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሣቁ። ሶስና አባቷ እንዲህ ሲሥቁ ያየችው መቼ እንደነበር ጠፋት።

ፊልጶስ ግን አልሣቀም። እንደማይሥቁበት ቢያውቅ እንኳ የሚልከው ሰው እንደሌለው ተናገረ። እዚህ አገር አጎት የለው፣ አክስት የለው፤ አብረውት የሚኖሩት ልጆች እንደሱ ትናንት የመጡ ናቸው። ይህን ሲል ጆሮው ቀላ።

አቶ ገብረሕይወት ተመልሰው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ወለተሥላሴን ካምፕ ውስጥ ሲያገኟት እሳቸውም ማንም እንዳልነበራቸው ነገሩት። ሽማግሌ ሆኖ የጠየቀላቸው በጭነት መኪና ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ የመጣ፣ የአባቱን ስም እንኳ የማያውቁት ሰው ነበር። ከዚያ ስልካቸውን እንደገና አወጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ታደገ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ቁጥሩን ልስጥህ። ሂድና ሽማግሌ ሁነኝ በለው፤ የሚቀሩትን እሱ ይፈልግልሃል።»

«የርስዎ ወዳጅ?» አለ ፊልጶስ። «ወደ ማን ነው የምልካቸው?»

«ወደ እኔ ነዋ።»

ፊልጶስ ሶስናን አያት። ሶስና ልታየው አልቻለችም፤ ዕንባዋ ጋርዷታል። አቶ ገብረሕይወት ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡለትና ስልካቸውን ዘጉ።

«መጀመሪያ የመጡ ቀን እንቢ፣ ሌላ ጊዜ ተመለሱ እላቸዋለሁ» አሉ፤ ጣታቸውን አነሡ። «ወጉ ስለሆነ ነው። ያን ሰምተህ ሲያትል እንዳትሄድ።»

*

ሰኞ ጧት ሶስና እንደልማዷ ፊቷን ሳትታጠብ ዳሽቦርዱን ከፈተች። ማታ ከካባው ሥር የነበረውን ሁሉ አጥፍታ አንድ መስመር ብቻ ጽፋ ነበር፦ «እንደምን አደርክ፤ አለሁ።»

ሰሌዳው ላይ ከሳንዲ ስፕሪንግስ በስልክ የገቡ ሁለት ሰዎች አሉ። ፊልጶስ ራሱን ወደ ቆጠራው መልሷል። አንደኛው ፓርኪንግ ውስጥ መኪናው ላይ ተቀምጧል፣ ሌላኛው ወደ ሥራ ሊወጣ ጫማውን እያሰረ ይሆናል። ሁለቱም ያን አንድ ገጽ ከፍተው ቆመዋል፤ ማንኛው የቱ እንደሆነ አይለይም።

ሶስና ልትለየው አልሞከረችም። ሁለቱም እስኪወጡ ድረስ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀቻቸው።